ልጇ ከጎኗ የሌለች አራስ

ጥያቄ፦

«የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ በእርግዝናዬ 30ኛ ሳምንት ደም ግፊቴ በድንገት ከፍ ብሎ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ስላመጣብኝ በሪፈር ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ፤ በማግስቱም በኦፕራሲዮን ወለድሁ። ልጄ ስትወለድ 1,250 ግራም ነበረች። ዛሬ 23ኛ ቀኗ ነው፤ እስካሁንም ያለችው ማሞቂያ ውስጥ ነው። እኔ የማድረው ጎተራ አካባቢ በአጎቴ ልጅ ቤት ሲሆን ማለዳ በታክሲ ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። ባለቤቴ የተሰጠው የ3 ቀን ፈቃድ አልቆ ወደ ሥራው ተመልሷል።

የሚያስጨንቀኝን ለማንም አልተናገርሁም። ልጄን ሳያት የእኔ አትመስለኝም። ጡቴን አፏ ላይ ሳደርግላት አትይዘውም። ማሞቂያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት በእኔ ስም ‹የእገሊት ልጅ› ይላል እንጂ እሷ ስም የላትም፤ ላወጣላትም እፈራለሁ። የማሽኑ ጩኸት ሌሊት በሕልሜ ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን በሩ ላይ ደርሼ መግባት ያቅተኝና ተመልሼ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ ትንፋሿ ቆሞ ሲስተሯ እግሯን እየነካካች ስትቀሰቅሳት አይቼ ‹ፈጣሪ ቢወስዳት ታርፍ ነበር› ብዬ አሰብሁ፤ ከዚያ ወዲህ ራሴን እንደ ነፍሰ ገዳይ እቆጥራለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ተኝቼ ባልነቃ እመኛለሁ። ነፍሰ ጡር ሳለሁ የውኃ ጀሪካን ተሸክሜ ነበርና ይህን ያመጣሁባት እኔ ነኝ። ዘመዶቼ ‹ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ› ይሉኛል፤ ባለቤቴም በስልክ ‹አታልቅሺ፣ ወተትሽ ይደርቃል› ይለኛል። እኔ ክፉ እናት ነኝ?»

እናት ነኝ ለማለት የፈራሁ

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ማርያም ማረችሽ። በዕድሜ ልጄ ልትሆኚ ስለምትችዪ «አንቺ» እያልሁ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። በደብዳቤሽ ውስጥ ይህን የምሥራች ቃል የነገረሽ ሰው ስለመኖሩ የሚጠቁም ነገር አላገኘሁም። እልልታውም፣ ገንፎውም፣ ጥየቃውም ልጅ ታቅፋ ለተኛች እናት የሚደረግ ሆኖ በመቅረቱ፣ ልጇን ማሞቂያ ውስጥ ትታ በተሰፋ ሆዷ ታክሲ የምትጋፋዋ ሴት አራስ መሆኗን የሚያስታውስላት የለም። አንቺም ራስሽ ረስተሽዋል። ጭንቀትሽን ሁሉ ስትዘረዝሪልኝ ምን እንደምትበዪ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ ስፌትሽ እንዴት እንደሆነ አንድም ቃል አልጻፍሽም።

ወደ ሌላው ከመግባቴ በፊት ግን በአንድ መስመር ብቻ ያለፍሽውን ነገር ላንሳ። «ተኝቼ ባልነቃ እመኛለሁ» ብለሻል። እንዲህ ያለው ሐሳብ ከብርቱ ድካምም ከሕመምም ሊመጣ ይችላል፤ ከየትኛው እንደመጣ ደግሞ ከደብዳቤ ላይ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ዛሬውኑ ለአጎትሽ ልጅ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ሳታለሳልሺው፣ በአፍሽ ንገሪያት፤ ሌሊቱንም ብቻሽን በአንድ ክፍል አትደሪ። ሐሳቡ ራስን ወደሚጎዳ መንገድ ወይም ቦታ ማሰላሰል ከተሻገረ፣ ራስሽን ወይም ልጅሽን እንድትጎጂ የሚያዝ ድምፅ ከተሰማሽ፣ ቀናት ያለ እንቅልፍ አልፈው ድካም የማይሰማሽ ከሆነ፣ ወይም ልጅሽ በሌላ ልጅ እንደተለወጠች በእርግጠኝነት ማመን ከጀመርሽ ቀጠሮ አይጠበቅም። «የእኔ አትመስለኝም» ማለትና «ለውጠውብኛል» ብሎ ማመን ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው አንቺ የጻፍሽው ሲሆን ሁለተኛው አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። ያኔ ልጅሽ ባለችበት ሆስፒታል ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሄጃለሽ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አለ። ቤተሰብሽ ጠበል ልውሰድሽ ቢል አልከለክልሽም፤ ሐኪም ጋ መድረሱ ግን ከጠበሉ መልስ ይሁን ተብሎ አይዘግይ።

አሁን ወደ ስሜትሽ ልመለስ። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ በተለይ ከሦስተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ፣ እጅግ ብዙ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ሆደ ባሻ ይሆናሉ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። አንቺ ግን 23ኛ ቀንሽ ላይ ነሽ፤ ስሜቱም እየከበደ እንጂ እየቀለለ አልሄደም። ስለዚህ «ያልፋል» ብሎ መጠበቅ ከዚህ በኋላ ትክክል አይደለም። ከወሊድ ጋር የተያያዘ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ የማሽኑ ጩኸት በሕልምሽ መምጣቱና በሩ ላይ ደርሰሽ መመለስሽ ደግሞ ሰው አስደንጋጭ ነገር ካየ በኋላ የሚከተለውን ጭንቀት ይመስላል። ልጆቻቸው ጽኑ ሕክምና ክፍል የገቡባቸው እናቶች ከሌሎች እናቶች ይልቅ በእነዚህ ሕመሞች እንደሚጠቁ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ይህን ለማጣራት የሚያገለግል 10 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት የኤደንብራ መጠይቅ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀ ሲሆን የአማርኛ ትርጉሙም በአዲስ አበባ እናቶች ላይ ተፈትሿል። የሚጠይቀው ስላለፉት 7 ቀናት ስሜትሽ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ የመጨረሻው ጥያቄም ራስን ስለመጉዳት ስለሆነ አሁን የነገርሽኝን ለመናገር መግቢያ ይሆንሻል። በየጨቅላ ክፍሉ በር ላይ እናቶች ለሰዓታት ተቀምጠው ሳለ ይህ መጠይቅ እንደ ሙቀትና እንደ ደም ግፊት ልኬት ያለመለመዱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጀሪካኑን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። አንቺ የገለጽሽው የደም ግፊት፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ፕሪኢክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ነው። የዚህ ሕመም ሥር ያለው በእንግዴ ልጁ ላይ ነው፤ የእንግዴ ልጁ የደም ሥሮች ገና በእርግዝናው መጀመሪያ አካባቢ እንደሚገባ ሳይዘረጉ ይቀሩና መዘዙ ከወራት በኋላ በእናቲቱ ደም ግፊት፣ ኩላሊት፣ ጉበትና አንጎል ላይ ይወጣል። ውኃ መሸከም አያመጣውም፤ አለመሸከምም አይከላከለውም። መድኃኒት ግፊቱን ሊያበርደውና መንቀጥቀጥን ሊከላከል ቢችልም፣ ሕመሙን ከሥሩ የሚቆርጠው ልጁና የእንግዴ ልጁ መውጣታቸው ብቻ ነው። እንግዲያውስ ሐኪሞቹ በማግስቱ የቀደዱሽ ሆድሽ ልጅሽን መያዝ ስላልቻለ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ቢያድር ሁለታችሁንም ሊያጡ ይችሉ ስለነበር ነው። ይህን በእኔ ቃል ብቻ አትመኚ፤ ያዋለደሽን ሐኪም ወይም ካርድሽን ያየ ማንኛውንም ሐኪም «ለምን በ30 ሳምንት ወለድሁ?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱንም በወረቀት ጽፈሽ ያዥው። በአዋላጅ ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ ምክንያቱን ማንም ቁጭ ብሎ ያልነገራት እናት ለራሷ ምክንያት እንደምትፈልግና የምታገኘውም ሁልጊዜ ራሷን እንደሆነ ነው። አንዷ የሠርግ ቤት ጭፈራን፣ ሌላዋ ያልተጾመ ጾምን፣ ሌላዋ ከአማቷ ጋር የተነጋገረችውን ክፉ ቃል ታነሳለች። አንቺ ጀሪካኑን አነሳሽ።

«ፈጣሪ ቢወስዳት ታርፍ ነበር» ስላልሽው ሐሳብ ደግሞ ስንት እናት በሹክሹክታ እንደነገረችኝ ብቆጥር ይሻል ነበር። ያን ዕለት ያየሽው ትንፋሽ ማቆም ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ገና ስላልበሰለ አልፎ አልፎ ይረሳዋል፤ ለዚህም ነው ሲስተሯ እግሯን በመንካካት ብቻ የቀሰቀሰቻት። አንቺ ግን ያየሽው ሞቷን ነው። ሰው የሚወደው ሲሰቃይ ማየት ሲያቅተው ሥቃዩ እንዲያበቃ ይመኛል፤ የሚያበቃበት ሌላ መንገድ ካልታየው ደግሞ ሞትን ያስባል። ሊገድል የሚፈልግ ሰው በሐሳቡ እንዲህ አይቃጠልም። የንስሐ አባት ካለሽ ንገሪያቸው፤ ከሸክሙ ያሳርፉሻል እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይሉሽም።

ልጅሽ የአንቺ አለመምሰሏም የልብ ድንጋይነት አይደለም። ፍቅር በአብዛኛዋ እናት ዘንድ የሚያድገው በማቀፍ፣ በማጥባት፣ በማጠብ፣ በሌሊት በመነሣት ነው፤ ከአንቺ የተወሰደው ይህ ሁሉ ነው። እንደ ልብሽ የማታቅፊውን ልጅ በመስታወት ውስጥ እያየሽ እንድትወጂ መጠበቅ ከባድ ነገር መጠየቅ ነው። ጡት አለመያዟንም «አልፈለገችኝም» ብለሽ የተረጎምሽው ይመስለኛል። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አቀናጅቶ ማስኬድ የሚጀመረው ወደ 34ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ልጅሽ በ30 ተወልዳ 23 ቀን ስለሆናት ገና 33 ሳምንት ያህል ናት። ጡትሽን መላሷ ወይም አፍንጫዋን ማስጠጋቷ ብቻ በዚህ ዕድሜዋ በቂ ሥራ ነው፤ ምግቧን እስከዚያው በአፍንጫዋ ቱቦ የሚገባው ወተትሽ ይሸፍንላታል።

እዚህ ላይ ነው ልትጠይቂው የሚገባ ትልቅ ነገር ያለው። በደብዳቤሽ ደረትሽ ላይ ስለማቀፍ ምንም አላነሳሽም፤ ቆዳ ለቆዳ፣ ወይም በጤና ባለሙያዎቹ አጠራር የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ተነግሮሽ ይሆን? ልጂቱ ራቁቷን፣ በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ፣ በእናቷ ባዶ ደረት ላይ በጡቶቿ መካከል ቀጥ ብላ ትታሰራለች። ይህ ዘዴ የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ በሚሠሩበት ሆስፒታል ማሞቂያዎቹ አንሰው ሕፃናት ተደራርበው በኢንፌክሽን ሲያልቁባቸው ነው። ለረጅም ጊዜ የድሃ አገር መፍትሔ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ኋላ ግን በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደውና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነገሩን ገለበጠው። ከ1,000 እስከ 1,799 ግራም ከሚመዝኑ ሕፃናት መካከል ወዲያው እንደተወለዱ በእናታቸው ደረት ላይ ከተደረጉት በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት ከመቶ 12 ሲሆኑ፣ እስኪረጋጉ ድረስ በማሞቂያ ከቆዩት ግን ከመቶ 15.7 ነበሩ። በዚያ ጥናት እናቶቹ ልጆቻቸው ባሉበት ክፍል ውስጥ አልጋ ተሰጥቷቸው ሌት ተቀን አብረው እንደነበሩ ልብ በዪ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ቀይሮ፣ ያለ ጊዜያቸውና በትንሽ ክብደት የተወለዱ ሕፃናት ሁሉ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት በዚህ መንገድ እንዲታቀፉ መክሯል። ስለዚህ «ልጄን ደረቴ ላይ ማድረግ እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ሐኪሞቹን ማስቸገር አይደለም። በሕክምናዋ ምክንያት ለአሁን አይቻልም ካሉሽ ምክንያቱንና መቼ እንደሚቻል ይንገሩሽ። ከጀመርሽው ደግሞ የእሷን ሙቀትና ትንፋሽ ከማስተካከሉ ሌላ ለአንቺም መድኃኒት ነው፤ ልጆቻቸውን እንዲህ ባቀፉ እናቶች ላይ የድባቴ ስሜት ቀንሶ ታይቷል።

እስከዚያው በማሞቂያው መስኮት እጅሽን ታጥበሽ አስገቢ። አትደባብሺያት፤ ቆዳዋ ስስ ስለሆነ መደባበስ ይረብሻታል። አንድ እጅሽን በራሷ፣ ሌላውን በእግሮቿ ላይ አድርገሽ፣ በሆድሽ ውስጥ እንደነበረችው ሰብሰብ አድርገሽ፣ ሳታንቀሳቅሺ ያዥያት። ድምፅሽን ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ትሰማው ነበርና አነጋግሪያት፤ የምትናገሪው ከጠፋሽ የታክሲውን ወረፋ ንገሪያት።

ስለ ማሽኑ ጩኸት አንድ ቀን ሲስተሯን ፋታ ሲኖራት «የትኛው ድምፅ የምን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። እግሯ ላይ የታሰረው የኦክስጅን መለኪያ ሲላቀቅም ይጮኻል፤ የሚገባው ፈሳሽ ሲያልቅም ይጮኻል። ድምፁ የተለየለት ሰው ሁሉንም እንደ ሞት ጥሪ አይሰማውም። ማሽኑን ሳይሆን ልጅሽን፣ የቆዳዋን ቀለምና የደረቷን እንቅስቃሴ ማየትንም እንድታስተምርሽ ለምኛት።

ባለቤትሽ «ወተትሽ ይደርቃል» ማለቱ ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን ልክ አይደለም። ዕንባ ወተት አያደርቅም። ወተት የሚደርቀው በዋናነት ሳይታለብ ሲቀር ነው፤ በብርቱ ጭንቀት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ መውረዱ ሊዘገይ ይችላል እንጂ አይነጥፍም። በ24 ሰዓት ውስጥ 8 ጊዜ ያህል፣ ቢያንስ አንዱን ሌሊት፣ በንጹሕ ዕቃ እለቢ። ከማለብሽ በፊት ጡትሽን በሞቀ ጨርቅ ጠቅልዪ፤ በስልክሽ ያለውን የልጅሽን ፎቶግራፍ እያየሽ ቢሆን ቶሎ ይወርዳል። የምታገኚው አንድ ማንኪያ ብቻ ቢሆንም እንኳ ከቱቦው የሚገባው ያው ነው፣ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የማይገዛ። ሐኪም የድባቴ መድኃኒት ካዘዘልሽም «ጡት እያለብሁ ነው፣ ልጄም ያለ ጊዜዋ የተወለደች ናት» በዪው፤ እንደ ሰርትራሊን ያሉት በጣም በጥቂቱ ብቻ ወደ ወተት ስለሚያልፉ ብዙ ጊዜ እያጠቡ የሚወሰዱ ናቸው። ወተቱን ፈርተሽ ሕክምናውን አትተዪ፣ በራስሽ ፈቃድም አታቋርጪው።

«ሌላ ትወልጃለሽ» ለሚሉሽ ዘመዶች መልስ መስጠት የአንቺ ሥራ አይደለም። ልጂቱ በሕይወት አለች፤ ስለ ምትኳ መነጋገር ነውር ነው፤ ይህንንም ሊነግራቸው የሚገባው ባለቤትሽ ነው። ከእሱ ጋር ተስማምታችሁ ለጠያቂ ሁሉ የሚመልስ አንድ ሰው፣ እህትሽ ትሁን እህቱ፣ ምረጡ፤ አንቺ በቀን 20 ጊዜ «እንዴት ናት?» ለሚል ስልክ ስትመልሺ ጭንቀትሽንም አብረሽ 20 ጊዜ ትቀሰቅሺዋለሽ። የባለቤትሽ የ3 ቀን ፈቃድ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚፈቅደው ሲሆን፣ ሕጉ ይህን ሲያወጣ ልጅ ታቅፋ ቤቷ የምትገባ እናት አስቦ ይመስለኛል። ሆኖም ያው አዋጅ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ደመወዝ ፈቃድ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ይፈቅዳልና ይጠይቅ። ሲመጣም እሱም ደረቱን ይግለጥ፤ ቆዳ ለቆዳ ለአባትም ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ሴት ከደብረ ብርሃን ትምጣልሽ፤ እናትሽ ብትሆን መልካም ነው። በአገራችን አራስ ለብቻዋ አትተውም፤ አጠገቧ ቢላዋ ወይም ብረት ይደረጋል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ይጠብቃታል። ስለ ብረቱ የምለው የለኝም። ሳትበላ እንዳትውል፣ ሳትናገር እንዳታድር የሚያይ ዓይን አጠገቧ መኖሩ ግን ጥንትም ሕክምና ነበር። የምትመጣዋ ሴት ጨቅላ ክፍሉ ባያስገባትም አጥሚቱን ይዛ አግዳሚው ላይ ትቀመጥ፣ ማታ እግርሽን ትጠብሽ፣ የሌሊቱን እንቅልፍሽን ትጠብቅ።

ስም ማውጣቱን አላስገድድሽም። የሚጠራ ስም ካለ ካጣኋት ይበልጥ ያመኛል ብለሽ እንደፈራሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን ስም ሳይኖራትም ይኸው እያመመሽ ነው። ለወረቀቱ ሳይሆን ለአንቺና ለእሷ ብቻ የሚሆን የቤት ስም በመስኮቱ በኩል ልትጠሪያት ትችያለሽ። የክርስትናዋ 80 ቀን የሚያስጨንቅሽ ከሆነም፣ ሕፃን ለሕይወቱ ሲያሰጋ ከቀኑ በፊት እንደሚጠመቅ የንስሐ አባትሽ ይነግሩሻል፤ እንዴት እንደሚደረግ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ደም ግፊትሽን ደግሞ በዚህ ሳምንት ተለኪ። ፕሪኢክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላም ሊቀጥል ወይም ሊመለስ ይችላል፤ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ በሆድሽ የላይኛው ክፍል ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር ካጋጠመሽ «ጭንቀት ነው» ብለሽ አትለፊው። ልጅሽ ያለችበት ሕንጻ ውስጥ እያለሽ፣ ለእሷ በየሦስት ሰዓቱ ልኬት ሲወሰድ የአንቺን የሚወስድ አለመኖሩ ልክ አይደለም፤ አንቺ ጠይቂ።

ልጅሽ ትተርፍ እንደሆነ አልጠየቅሽኝም፤ ሐኪሞቹንም እንዳልጠየቅሽ ከደብዳቤሽ አኳኋን እገምታለሁ። ነገ ጠዋት ሕፃናቱን እየዞሩ ለማየት (ለራውንድ) ሲመጡ አብረሽ ቁሚና ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ዛሬ ከትናንት ምን ተሻላት፣ አሁን የሚያሳስባችሁ ምንድን ነው፣ እኔ ዛሬ ምን ላድርግላት። ከዚያ ሲስተሯን ለብቻዋ ጠርተሽ እንዲህ በያት፦ «ከወለድሁ 23 ቀን ሆኖኛል፤ ስሜቴ እየከበደ ነው፤ ባልነቃ ብዬ አስቤአለሁ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየኝ እፈልጋለሁ፤ ደም ግፊቴንም ለኩልኝ።» ቃሉ ከአፍሽ አልወጣ ካለሽ ይህን ገጽ አሳዪያት።